ባልዲ ማስቀመጥ ጥገና አይደለም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ችግሬ ትንሽ ነገር መናቄ ነው።

ከወራት በፊት ከኩሽናችን ሲንክ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ባልዲ አስቀመጥኩበት። ባለቤቴ «ሠራተኛ ጥራ» አለች፤ «እሺ» አልኩ። ባልዲው ሲሞላ እደፋለሁ፣ እመልሳለሁ። አሁን የሲንኩ ቁም ሳጥን ወለል አብጦ ተነስቷል። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን ኮርኒስ ላይም ቡናማ እድፍ ወጥቷል። ሰውየው አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጠቆም አደረጉኝ። «አያለሁ» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

ይኼ ብቻ አይደለም። አንድ ጥርሴን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይጠዘጥዘኛል፤ በሌላው በኩል ማኘክ ለምጃለሁ። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደግሞ የእኔን ሥራ ስብሰባ ላይ የራሱ አስመስሎ ያቀርባል። መጀመሪያ «ይሁን» ብዬ ተውኩት። አሁን ድምፁን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለ ብድሬ ከባንክ የመጡ ሦስት ፖስታዎችም ሳልከፍታቸው መሳቢያ ውስጥ አሉ። እነሱን ባለቤቴ አታውቅም።

የሚገርመው ሥራ ቦታ ቀውጢ ሲፈጠር መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው። ሌሊትም ቢሆን ተነስቼ እሄዳለሁ። ባለቤቴ «አንተ ነገር ካልፈነዳ አትነሳም» ትለኛለች። እናቴ «ሳይቃጠል በቅጠል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አውቀዋለሁ፤ ግን አላደርገውም። ሰነፍ ነኝ? ከየት ልጀምር? የፖስታዎቹንስ ነገር ለባለቤቴ ልንገራት?

ባለ ባልዲው

መልስ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰነፍ አይደለህም። ሰነፍ ሰው ለወራት ባልዲ ሲደፋ አይከርምም። ለዚያ ቧንቧ እስካሁን ያፈሰስከው ጉልበት ቢደመር ሦስቴ ባሠራው ነበር። እንዲያውም «ሰነፍ ነኝ» ማለቱ ሳይመችህ አልቀረም። «ጠባዬ ነው» ያለ ሰው ሌላ ምንም አይጠበቅበትማ።

እኔን የያዘኝ ስለ ቀውጢው የጻፍከው ነው። ቀውጢ ተመልካች አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሲያልቅ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ይባላል። የላላ ብሎን ያጠበቀን ሰው ግን ማን ያመሰግነዋል? ምን ተፈጠረና! ያልደረሰ አደጋ አይታይም። አንተ ለዓመታት የተመሰገንከው ነገር ከፈነዳ በኋላ በመድረስህ ነው። ሰው ደግሞ የተመሰገነበትን ይደጋግማል። እስኪፈነዳ መጠበቅን ሳታስበው ተለማመድክ። ቤት ውስጥ ግን ይህ ችሎታ አይሠራም። እዚያ ሲፈነዳ የምትደርሰው አንተ፣ እንዲፈነዳ የተውከውም አንተ ነህ። ባለቤትህ የማታጨበጭብልህ ለዚህ ነው።

የእናትህን ምሳሌ የማያውቅ ሰው የለም። አውቀነውም እንቃጠላለን። እሳቱ ትንሽ ሳለ እሳት አይመስልማ።

ጥርስህን እንይ። «ብዙ እስካላመመኝ ደህና ነኝ» የሚል መለኪያ ይዘሃል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ነርቭ የለውም። መበስበስ የሚጀምረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ሲጀምር ምንም አይሰማህም። የሚታየው ነጣ ያለ ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ደረጃ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በደንብ ከተቦረሸና ጣፋጭ ከተቀነሰ ሊመለስ ይችላል። ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን ራሱን አይሞላም፤ ተጠርጎ መሞላት አለበት። ከሽፋኑ ሥር ወዳለው ክፍል ሲዘልቅ ነው ቀዝቃዛና ጣፋጭ የሚጠዘጥዘው። ከዚያ አልፎ ነርቩ ጋ ከደረሰ ምርጫው የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው። አየህ፣ ሕመሙ የሚመጣው ነገሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እሱን መጠበቅ ማለት ርካሹን ግማሽ ማሳለፍ ማለት ነው።

ደም ግፊትም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ባለ ግፊት ምንም አይሰማውም፤ የሚታወቀው ሲለካ ነው። ዕዳም አያምም። በወር 2 በመቶ ወለድ በወለድ እየጨመረ የሚሄድ ዕዳ ምንም ካልተከፈለበት በ3 ዓመት እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ግን የጨመረው 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ማን ይደነግጣል? ያንተው ጠብታም በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ ቢል በቀን 86,400 ጠብታ ነው። ወደ 20 ሊትር ይጠጋል። ባልዲውን ምን ያህል ጊዜ እንደምትደፋ አንተ ታውቃለህ።

ሕመም ዘግይቶ መምጣቱ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛውና እኔ የበለጠ የምፈራው መልመድ ነው። አንድ ጥፋት ታያለህ። ምንም አይፈጠርም። በማግስቱም ምንም አይፈጠርም። ከዚያ ያለፈው ሰላም ራሱ ማስረጃ ይሆንልሃል። «እስካሁን ምን ሆነ?» ትላለህ።

በዚህ መንገድ የሚሳሳቱት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነች። የተሳፈሩባት 7 ሰዎች አለቁ። መነሻው በአንዱ የጎን ሮኬት መጋጠሚያ ላይ ያለ የጎማ ቀለበት ነበር። ሥራው ትኩስ ጋዝ እንዳያፈተልክ መዝጋት ነው። በዚያ ብርዳም ጠዋት ጎማው ደርቆ በጊዜ አልዘጋም። መሐንዲሶቹ እንዲህ ዓይነቶቹን ቀለበቶች ጋዝ ሲበላቸው ያዩት ግን ያን ቀን አይደለም። በ1981፣ ገና በፕሮግራሙ ሁለተኛ በረራ ላይ ታይቶ ነበር። ከዚያ በኋላም በተለያዩ በረራዎች ላይ ታየ። መንኮራኩሮቹ ግን በሰላም ይመለሱ ነበር። ሲመለሱ «ይህን ያህል ቢበላም ችግር የለውም» ተባለ። በዋዜማው ምሽት ሮኬቱን ከሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች አንዳንዶቹ በዚህ ብርድ መነሳት የለባትም ብለው ተከራክረው ነበር። አልተሰሙም።

ከ17 ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003፣ ያው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት፣ ናሳ፣ ኮሎምቢያ የተባለችውን መንኮራኩር አጣ። ያኔም 7 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ከነዳጅ ጋኑ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን የመታ የፎም ቁራጭ ነበር። ፎም መገንጠሉም አዲስ አልነበረም፤ በቀደሙት በረራዎች ታይቶ ተለምዷል። በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ባለሙያዎች ተሰብስበው በዚህ ከተሸወዱ አንተ በባልዲ መሸወድህ አይገርመኝም።

ባልዲው መጥፎ የሆነው ስለሚሠራ ነው። ወለሉ አይረጥብም፣ ጩኸት የለም፣ ኩሽናው ኩሽና ይመስላል። ጥርስህ ላይ ያስቀመጥከው ባልዲ በሌላው በኩል ማኘክህ ነው። ለባንኩ መሳቢያው አለልህ። ለሥራ ባልደረባህ ደግሞ «ይሁን» አለ። ችግሩን ሳይሆን ስሜቱን ነው የምትከድነው። ባልዲ ለአንድ ሌሊት አስፈላጊ ነው፤ አልክደውም። የአንድ ሌሊቱ ወራት ሲሆን ነው ነገር የሚበላሸው።

አሁን ወደ ባለቤትህ ልምጣ፤ አንተ በአንድ መስመር ነው ያለፍካት። እሷ «ሠራተኛ ጥራ» ያለችህ ጠብታው ጠብታ ሳለ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ቀድሞ የሚጮህ ደወል ካለ እሷ ናት። በአቪዬሽን ዓለም ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ አንድ አሠራር በአሜሪካ አለ። አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ትናንሽ ስህተቶችንና ለጥቂት የተረፉ አደጋዎችን በምስጢር ያሳውቁበታል። የጠቆመው ሰው ስም ይሰረዝና ትምህርቱ ብቻ ለሌሎች ይደርሳል። የገባቸው ነገር ቀላል ነው። ትንሽ ችግር የተናገረ ሰው ከተቆጣኸው በሚቀጥለው ጊዜ አይነግርህም። (የሚያስገርመው፣ ይህን አሠራር የሚመራው ያው ሁለቱን መንኮራኩሮች ያጣው ናሳ ነው። የሌላውን ጥፋት መስማትና የራስን መስማት ይለያያሉ መሰለኝ።) ባለቤትህ ስትናገር «ጨቀጨቀችኝ» ብለህ ፊትህን አጥቁረህ ታውቅ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ዝም ያለች ቀን ቤቱ ሰላም የሆነ ይመስልሃል። ደወሉ ግን ተነቅሏል።

ይህን ሁሉ ስልህ ግን ትንሽ ነገር ሁሉ ላይ ዝመት እያልኩህ አይደለም። እንዲያ የሚኖር ሰው አለ። አብሮት መኖር ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይብሳል። ትንሽ ሆነው የሚቀሩ ችግሮች ሞልተዋል። የሚጮህ በር፣ የተጫረ ጠረጴዛ፣ ሰው በደከመው ቀን ያመለጠው አንድ ክፉ ቃል፣ ልጆች በአሻንጉሊት መጣላታቸው። እነዚህን ያለ ጸጸት ተዋቸው። መለየት ያለብህ በራሱ እየፋፋ የሚሄደውን ነው። ውኃ፣ ዝገት፣ ወለድ፣ ቁስል፣ ቅያሜ፣ እነዚህ ብትተዋቸውም ሥራቸውን አያቆሙም። «ዛሬ ብነካው ይሻላል ወይስ ከወር በኋላ ብነካውም ያው ነው?» ብለህ ጠይቅ። «ያው ነው» ከሆነ መልሱ፣ እለፈው። የመመለሻ በር የሚዘጋበት ቀን ያለው ነገር ግን፣ ለምሳሌ የክፍያ ቀን ወይም የይግባኝ ቀን፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢመስል ወደ ፊት ይምጣ።

መጠበቅም አንዳንዴ ትክክለኛው ሕክምና ነው። ሐኪሞች «ለጊዜው እንከታተለው» ይላሉ። ግን «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ተመልሰህ ና» ብለው ቀን ይቆርጣሉ፤ ምን ምልክት ካየህ ቶሎ እንደምትመጣም ይነግሩሃል። አንተ «አያለሁ» ስትል ቀን አልቆረጥክም። ቀን የሌለው መጠበቅ መርሳት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተሻለው።

ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከውኃው ጀምር። ዛሬ ማታ። ከሁሉም የከበደ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ቤት ስለገባ ነው። ባልዲውን አውጣና ከሲንኩ ሥር ያለውን ቱቦ ሁሉ በሶፍት አድርቅ። ቧንቧውን ሳትከፍት ትንሽ ጠብቅ። ቧንቧው ተዘግቶም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ውኃ በሚያመጣው መስመር ላይ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ግፊት አለበት። እንዲህ ከሆነ ሥሩ ያለውን መዝጊያ ዝጋ፣ ከሌለ ዋናውን ዝጋና በማግስቱ ሠራተኛ አስመጣ። ውኃ ሲለቀቅ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ፍሳሹን የሚወስደው መስመር ነው። ብዙ ጊዜ የቱቦው መጋጠሚያ ላልቶ ወይም ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት አርጅታ ነው። አዎ፣ እዚህም የጎማ ቀለበት። በእጅህ ጠበቅ አድርገው። ካልቆመ ቀለበቷን ቀይር። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ በመፍቻ አትታገለው፤ ይሰነጠቃል። ያበጠውን የቁም ሳጥን ወለል ደግሞ ደርቆ ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ። የረጠበ ነገር በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። ያንተው ወራት ቆይቷል። አንሳው፤ ሥሩንም እይ።

በማግስቱ ወደ ጎረቤትህ ውረድ። ቧንቧው ሳይሠራ አትሂድ፤ ከተሠራ በኋላ ደግሞ አትዘግይ። ረጅም ሰበብ አታዘጋጅ። «ነግረውኝ ነበር፣ ሳልሠራው ቆየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ተሠርቷል። ኮርኒስዎን ልየውና የማስጠገኛውን ልሸፍን» በል። በቃ። ሥራ በዝቶብኝ፣ ልጁ ታሞብኝ ማለት ከጀመርክ ይቅርታው ወደ ክርክር ይለወጣል። ሰውየው ኮርኒሱ ብቻ አይመስለኝም ያናደዳቸው። «አያለሁ» ብለህ ሳታይ መቅረትህ ነው የናቅሃቸው ያስመሰለው።

ሰው እንደ አንተ ሲዘገይ መዘግየቱ ራሱ ሁለተኛ ችግር ይሆናል። መጀመሪያ ጥገናውን ነበር የምትሸሸው፤ አሁን «እስካሁን የት ነበርክ?» የሚለውን ጥያቄ ጨምረህ ትሸሻለህ። በየቀኑ ጥያቄው ይከብዳል፣ አንተም ትርቃለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ይህን ይመስለኛል፤ መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳይሆን ሐኪሙ ፊት መቆሙ አሳፍሮት። ላረጋጋህ። የጥርስ ሐኪሙ ከአንተ የባሰ አይቷል። የቧንቧ ሠራተኛውም አይቷል። የባንኩ ሠራተኛማ ያየው ተቆጥሮ አያልቅም። ለእነሱ የቆየህበት ምክንያት ወሬ አይደለም፤ ሥራቸው ከአሁን ወዲያ ያለው ነው።

የጥርሱን በስልክ ነው የምትጀምረው፤ ቀጠሮ ያዝ። ቀዝቃዛው ሲነሳ ጥዝጣዜውም ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ገና ጊዜ አለህ። ድድ ሲሸሽም ጥርስ ቀዝቃዛ ይጠላል፤ የቱ እንደሆነ አይቶ የሚለየው ሐኪሙ ነው። ሕመሙ ከቀዝቃዛው በኋላ የሚቆይ፣ ወይም ምንም ሳይነካው ሌሊት የሚቀሰቅስህ ከሆነ ቀጠሮውን አስጠጋ። ፊትህ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያንኑ ዕለት ሂድ።

ወደ ሥራ ባልደረባህ እንሂድ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው፤ እዚህ የሚጠብቅ ብሎን የለም።

መጀመሪያ ባደረገው ጊዜ ነገሩ በፈገግታ የሚያልቅ ነበር። ከስብሰባው እንደወጣችሁ «ወንድሜ፣ ያ ሥራ የእኔ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?» ብትለው ምናልባት ሳያስበው ያደረገው ከሆነ ይቅርታ ይልህ ነበር፤ አስቦበት ከሆነ ደግሞ እንዳየኸው ያውቅ ነበር። የሰው ነገር ትንሽ ሳለ በትንሽ ድምፅ መናገር ይቻላል። አሁን ግን ውስጥህ የተጠራቀመው ብዙ ነው። ዛሬ አፍህን ብትከፍት የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚወጣው። እሱ ደግሞ በቀደሙት ስብሰባዎች ቅር መሰኘትህን አያውቅም። ዝም ስትል ተስማምተህ መስሎታል። ድንገት ስትጮህበት እብድ የምትመስለው አንተ ነህ። ለወራት ትክክል የነበርከው ሰው በአንድ ደቂቃ ጥፋተኛ ትሆናለህ።

ስለዚህ ያለፈውን ለጊዜው አትቁጠርበት። አምስት ስብሰባ ዘርዝረህ ብትሄድ ስለ ሦስተኛው ስብሰባ ትከራከራላችሁ። የቅርቡን አንድ ብቻ ያዝ። ሰው በሌለበት፣ ተረጋግተህ፣ ቁጭ ብላችሁ። «ባለፈው ያቀረብከው ሠንጠረዥ እኔ የሠራሁት ነው። ስሜ አለመነሳቱ ቅር ብሎኛል። የሚቀጥለውን የሠራሁትን እኔ አቀርባለሁ» በለው። «ሠንጠረዥ» ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ አንተ በሠራኸው ሥራ ተካው። ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይከብድሃል፤ ልትሞላው ስትል «ግን ችግር የለውም» እንዳትለው። ችግር አለውና።

በዚያው ሳምንትም ሥራህን ስታስረክብ ለኃላፊህ በቀጥታ ላክ፤ ማን ምን እንደሠራ በአንድ መስመር ጻፍ። ይህ ሰው መክሰስ አይደለም፤ ማንኛውም ሥራ ላይ ሊኖር የሚገባ ነገር ነው። ከተነጋገራችሁ በኋላም ከደገመው ነገሩን ወደ ኃላፊህ መውሰድ አያሳፍርም፤ አስቀድመህ ለራሱ ነግረኸዋል። እውነቱን ልንገርህ፣ ላይደግመው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው ብዬ አስባለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ዝም የሚለውን ነው።

ቅር ማለትህን ለመናገር ደምህ እስኪፈላ መጠበቅህ ከጥርሱ ጋር አንድ ነው፤ እዚህም መለኪያህ ሕመም ነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው ያደረገው ነገር በሁለተኛው ቀንም እየተመላለሰ ካብሰለሰለህ የመናገሪያው ጊዜ ያ ነው። በሁለተኛው ቀን የረሳኸው ከሆነ ደግሞ እውነትም ትንሽ ነበር።

አሁን ፖስታዎቹ። ልንገራት ወይ ብለሃል። ንገራት። ሳትከፍታቸው በፊት ንገራት።

ለምን ሳልከፍት ካልከኝ፣ ብቻህን ከከፈትካቸው በኋላ ሌላ ሐሳብ ይመጣብሃል። «መጀመሪያ ላስተካክለውና ከዚያ እነግራታለሁ» ትላለህ። ያ አዲስ ባልዲ ነው። አሁን ያለው ጥፋትህ ሦስት ፖስታ መደበቅ ነው። ከፍተህ፣ መጠኑን አውቀህ ዝም ካልክ ጥፋቱ ሌላ ይሆናል። ብድር የሁለታችሁን ቤት የሚነካ ነገር ነው፤ ከሌላ ሰው ከሰማችው ከገንዘቡ ይልቅ አለመታመኑ ያማታል። ልጆቹ ሲተኙ መሳቢያውን ይዘህ ና። «እነዚህን ሳልከፍት አስቀምጫቸው ነበር፤ ፈርቼ ነው። አብረን እንክፈታቸው» በላት። ልትቆጣ ትችላለች። መብቷ ነው። አትከራከራት።

ስትከፍቱ በዚያው ማታ መፍትሔ ለማግኘት አትሞክሩ። መክፈትና ማወቅ ብቻ። በየቀናቸው ደርድሯቸው። የመጨረሻው ምን ይላል? ያለፈ ክፍያ አለ ወይ? ስንት? እስከ መቼ? እነዚህን አራት ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ፖስታዎቹ ማስታወቂያ ብቻ ሆነው ልታገኛቸውም ትችላለህ፤ ያኔ ለወራት የከበደህ ወረቀት ነበር ማለት ነው። ክፍያ ያለፈ ከሆነ ግን ጠዋት ደውል፤ ወይም በአካል ሂድ። አበዳሪ ክፍያው ሳያልፍ፣ ወይም ገና ባለፈበት ሰሞን ለመጣ ሰው የሚሰጠው አማራጭ ይሰፋል። ጊዜ ማራዘም፣ የወር ክፍያ ማሳነስ፣ እንደገና ማዋቀር ይኖራል። ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ከተሻገረ በኋላ የምታነጋግረው ሰውም ይለወጣል፣ ቋንቋውም ይለወጣል። ስትሄድ በየወሩ በእርግጠኝነት መክፈል የምትችለውን መጠን አስልተህ ያዝ። የማትችለውን ቃል አትግባ፤ ከአንድ ወር በኋላ አራተኛ ፖስታ ነው የሚሆንብህ። የተስማማችሁበትንም በጽሑፍ ተቀበል።

ከከፈታችኋቸው በኋላ ጻፍልኝ። የመጨረሻው ፖስታ ላይ ያለውን ቀንና ባንኩ ያለህን ብቻ ብትልክልኝ ይበቃኛል።